ቅኝ አልተገዛንም፤ ታዲያ ድኅረ ቅኝ ግዛት ምን አገባን?

ጅማ ላይ ስለ ድኅረ ቅኝ ግዛት ንድፈ ሐሳብ ወሬ ያነሳ ሰው መልስ ለማግኘት ቡናው እስኪፈላ አይጠብቅም። «እኛ ቅኝ አልተገዛንም! እሱ የእነ ኬንያ ጣጣ ነው» ይባላል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ለመከራከር የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው።

2025 ላይ ሁለት ነገር ተገጣጠመ። የአእምሮ ሐኪሙና ጸሐፊው ፍራንዝ ፋኖን ከተወለደ 100 ዓመት ሞላው። ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ደግሞ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አረፈ። የሁለቱም ጥቅስ ቴሌግራም ላይ ይዞራል። ጥቅሱን የሚልከው ብዙ ነው፤ ሐሳቡን የሚያብራራው ግን ጥቂት። እስቲ ነገሩን እዚሁ ጅማ ሆነን እንየው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቅኝ ግዛቱ ካለቀ በኋላ ምን ቀረ?

ቅኝ ግዛት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ወታደርና ባንዲራ ነው። ወታደሩ ይወጣል፣ ባንዲራው ይወርዳል። ትምህርት ቤቱ፣ ሕጉ፣ ካርታው፣ «የሠለጠነ ሰው እንዲህ ነው» የሚለው ግምት ግን እዚያው ይቀራል። ድኅረ ቅኝ ግዛት የሚባለው ጥናት የሚመረምረው ይሄንን የቀረውን ነገር ነው። ጥያቄው ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ ስለ ማን ማን የመናገር ሥልጣን አገኘ? የተነገረለትስ ሰው ከዚያ በኋላ ራሱን እንዴት ማየት ጀመረ?

ሰፈር ውስጥ ጉልበተኛ ልጅ የሚያወጣውን ቅጽል ስም አስቡት። ስሙ የወጣለት ልጅ መጀመሪያ ይናደዳል፣ ይደባደባል። ሁሉም ሲቀባበለው ግን ሲጠሩት «አቤት» ማለት ይጀምራል። ቆይቶ ስልክ ሲደውል ራሱን የሚያስተዋውቀው በዚያው ስም ነው። ስም አውጪው ከሰፈር ከለቀቀ ዓመታት አልፈዋል።

ኤድዋርድ ሰኢድ የሚባለው ምሁር ያጠናው ስም አውጪውን ነው። ፋኖን ያጠናው ስሙ የወጣለትን ልጅ።

ስለ ሌላ አገር መጻፍ ምን ክፋት አለው?

ሰኢድ ኢየሩሳሌም የተወለደ ፍልስጤማዊ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ያስተምር ነበር። በ1978 «ኦሪየንታሊዝም» የተባለውን መጽሐፉን አወጣ። አውሮፓውያን ስለ ምሥራቁ ዓለም ለረጅም ዘመን ጽፈዋል፣ ሥዕል ሥለዋል፣ ተመራምረዋል። ይሄ ሁሉ ሲጠራቀም በወረቀት ላይ አንድ ሰው ተፈጠረ፤ ስሜታዊ፣ ሰነፍ፣ ተንኮለኛ፣ ዘመን የማይለውጠው። ከዚህ ሰው ጎን ሲቆም አውሮፓዊው ራሱን ምክንያታዊና ትጉህ፣ ሊገዛ የተፈጠረ አድርጎ አየ። እንደ ሰኢድ ከሆነ ዕውቀቱና ወረራው ለየብቻ አልሄዱም፤ አንዱ ሌላውን ደገፈ።

የእኛው ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለው። በሴፕቴምበር 1935 ኢጣሊያ ለመንግሥታቱ ማኅበር ሰነድ አቀረበች። ሰነዱ ኢትዮጵያን ባርነት የነገሠባት፣ ራሷን ማስተዳደር የማትችል፣ ከሌሎች አገሮች እኩል መቀመጥ የማይገባት አገር አድርጎ ይገልጻል። ኦክቶበር 3 ቀን ጦሯ መረብን ተሻገረ። ገለጻው ቀደመ፣ መድፉ ተከተለ።

ግን እኮ ባርነቱ ውሸት አልነበረም!

አልነበረም። ይሄን ደግሞ ጅማ በደንብ ታውቀዋለች። የጅማው ሂርማታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከደቡብ ምዕራቡ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ቡና ይሸጥበታል፣ ዝባድ ይሸጥበታል፣ የዝሆን ጥርስ ይሸጥበታል። ሰውም ይሸጥበታል። ጅሬን ወጥቶ ቤተ መንግሥቱን ያየ ሰው ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው ግዛታቸውን እንዴት ከጦርነት እንዳተረፉ ያስታውሳል። ብልህነታቸው እውነት ነው። የተሸጡት ሰዎችም እውነት ናቸው፤ እነሱን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

ብዙ ሰው ድኅረ ቅኝ ግዛትን የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው። «ፈረንጅ የጻፈው ሁሉ ውሸት፣ የእኛ ሁሉ ጥሩ» የሚል አድርጎ ይወስደዋል። እንዲህ ዓይነቱ ንባብ ሰነፍ ንባብ ነው። እውነት የሆነ ነገርም የወረራ ሰበብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ማን አነሳው? ለምን ጉዳይ? ማንስ ሳይጠየቅ ቀረ?

የመጨረሻዋን ጥያቄ ይዛ የተነሳችው ጋያትሪ ስፒቫክ ናት፤ የካልካታ ተወላጅ ምሁር። በ1988 ያሳተመችው ዝነኛ ጽሑፍ ርዕሱ ራሱ «ሰባልተርን መናገር ይችላልን?» የሚል ነው። ቃሉን የወሰደችው ሙሶሊኒ ካሰረው ኢጣሊያዊ አሳቢ ከአንቶንዮ ግራምሺ ነው። ሰባልተርን ማለት ድሃ ማለት ብቻ አይደለም። ቃሉ ከላይ ያሉት ጋ የሚደርስበት መንገድ ጨርሶ የተዘጋበት ሰው ማለት ነው።

ምሳሌዋ ከህንድ ነው። ባል ሲሞት ሚስት አብራው በእሳት እንድትቃጠል የሚያደርግ ልማድ ነበር። እንግሊዞች በ1829 ከለከሉት። «ሴቶቹን አዳንን» አሉ። ልማዱን የሚደግፉት ወንዶች ደግሞ «ሴቶቹ እኮ ወደው ነው የሚሞቱት» አሉ። በሁለቱ ጭቅጭቅ መሀል ሴቶቹ ራሳቸው ምን እንዳሉ የሚነግረን መዝገብ የለም ትላለች ስፒቫክ።

አሁን ሂርማታ ላይ የተሸጠችን አንዲት ልጅ አስቡ። የኢጣሊያ ሰነድ ስለ እሷ ይናገራል። ለአገሩ ክብር የሚቆረቆረውም ስለ እሷ ይናገራል፣ ወይም ነገሩን ሸፋፍኖ ያልፋል። እሷስ ምን ትል ነበር?

ከዚሁ ከእኛ አካባቢ አንዲት ሴት አለች፤ አስቴር ጋኖ። በሊሙ እናሪያ ንጉሥ እጅ በባርነት የወደቀች ልጅ ናት። ሊሙ ዛሬ ጅማ ዞን ውስጥ ነው። በ1886 ወደ የመን ተጭና ስትሻገር የኢጣሊያ መርከብ ባሕር ላይ ደርሶ ነፃ አወጣት። ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ሆና የልጅነት ቋንቋዋን ከአእምሮዋ እያወጣች ወረቀት ላይ አሰፈረችው። ቃላቱን፣ ዘፈኑን፣ ተረቱን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩን ሰበሰበች። ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ያዘጋጀችው የኦሮምኛ ማንበቢያ በ1894 ታተመ። ኦኔሲሞስም በልጅነቱ የተሸጠ ሰው ነው። በ1899 በታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም እሷ ብዙ ደክማለች። ሲጠራ የምንሰማው ግን የእሱን ስም ነው።

ታዲያ ሰባልተርን ተናገረ ማለት ነው? እንደ እኔ ተናግራለች። ስፒቫክ ግን አልተሸነፈችም። አስቴር የተሰማችው ማተሚያ ቤት ያለው ተቋም ስላገኘች ነው፤ ተቋሙም የመጣው ለራሱ ጉዳይ፣ ለስብከት ነው። ያን ዕድል ያላገኙት ዝም እንዳሉ ቀርተዋል። ነፃ ያወጣት መርከብ ባለቤት አገርም ከ10 ዓመት በኋላ አድዋ ላይ መጥታለች። ነፃ ማውጣትና መውረር በአንድ እጅ ሲሠሩ ነገሩ እንዲህ ይወሳሰባል።

ዘርስ? እሱ የተፈጥሮ አይደለም እንዴ?

የቆዳ ቀለም የተፈጥሮ ነው። ሰውን በቀለሙ ለይቶ «ዘር» ብሎ መደርደር ግን የሰው ሥራ ነው። ባዮሎጂስቱ ሪቻርድ ሌዎንቲን በ1972 የሰዎችን የጂን ልዩነት አስልቶ ነበር። 85 በመቶ ገደማ የሚሆነው ልዩነት የሚገኘው በአንድ ሕዝብ ውስጥ በሚኖሩ ሰዎች መካከል ነው። «ዘር» በሚባሉት መካከል የተገኘው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ዘር በሕግ እንዴት እንደሚሠራ ማየት የፈለገ የኢጣሊያን ሕጎች በተርታ ያንብብ። ለኤርትራና ለሶማሊያ በወጣው የ1933ቱ ሕግ መሠረት አባቱ ያልታወቀ ክልስ ልጅ መልኩና አስተዳደጉ ተመርምሮ የኢጣሊያ ዜግነት ሊያገኝ ይችል ነበር። በ1937 አንድ ኢጣሊያዊ ከአፍሪካዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት ከኖረ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በ1940 ደግሞ ክልሱ ልጅ በሙሉ «ተወላጅ» ተባለ። ኢጣሊያዊ አባቱ «ልጄ ነው» ብሎ እንዳይቀበለውም ተከለከለ። ያው ልጅ ነው፤ ደሙም ፊቱም አልተቀየረም። በ7 ዓመት ውስጥ «ዘሩ» ተቀየረ።

ጅማ በዚያ ዘመን ዳር ላይ አልነበረችም። ኢጣሊያኖች የምሥራቅ አፍሪካ ግዛታቸውን በ6 ሲከፍሉ ጅማን የአንዱ ዋና ከተማ አደረጓት። (የግዛቱ ስም ውስጥ ኦሮሞን የሚያንቋሽሽ ቃል ስላለ አልጽፈውም። ቃሉን ግን ጣሊያን ይዞት አልመጣም፤ እኛው ጋ ነው ያገኘው።) የከተማ ፕላናቸውም የነጩን ሰፈርና የ«ተወላጁን» ሰፈር ለያይቶ የሚያሰምር ነበር። ፈረንጅ አራዳ የሚባለው ሰፈር ዛሬም በስሙ አለ። ፋኖን በ1961 በወጣው መጽሐፉ የቅኝ ግዛት ከተማ ሁለት ቦታ የተሰነጠቀ ነው ይላል፤ ወዲህ አስፋልትና መብራት፣ ወዲያ ጭቃና ረሃብ። ጣሊያን ጅማ ላይ የቆየው 5 ዓመት ያህል ነው። ያሰመረው መንገድ ግን ከእሱ በላይ ዕድሜ አገኘ።

ፋኖን ራሱ ፈረንሳይ ቅኝ ትገዛት የነበረችው የካሪቢያን ደሴት የማርቲኒክ ልጅ ነው። ለፈረንሳይ ወታደር ሆኖ ተዋግቷል። ከዚያ የአእምሮ ሐኪም ሆኖ አልጄሪያ ውስጥ ብሊዳ ሆስፒታል ሠርቷል። በ36 ዓመቱ ሞተ። በ1952 ባሳተመው «ጥቁር ቆዳ፣ ነጭ ጭምብሎች» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ የሚጠቀስ አንድ ቦታ አለ። ፈረንሳይ ውስጥ አንድ ሕፃን ያየውና «እማዬ፣ ጥቁር ሰውዬ! ፈራሁ» ይላል። ፋኖን እስከዚያች ደቂቃ ራሱን የሚያውቀው የተማረ ሰው፣ ፈረንሳይኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው አድርጎ ነው። በድንገት ራሱን በሕፃኑ ዓይን አየ። የመጽሐፉ ዋና ነገር ይሄ ነው፦ ጥቁሩ ሰው በነጭ ዓለም ውስጥ ሰው ለመባል ነጭ ጭምብል እንዲያጠልቅ ይገፋል፤ ጭምብሉ ደግሞ ከውስጥ ያሳምመዋል።

አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ይሄን በሌላ መልኩ ሰምቶታል። እዚህ ሳለ ጠይም፣ ቀይ፣ የቀይ ዳማ ሲባል ያደገ ልጅ እዚያ ደርሶ የመጀመሪያውን ፎርም ሲሞላ «ጥቁር» ሆኖ ይገኛል። መልኩ ያው ነው፤ የሚያየው ዓይን ግን ሌላ። እዚህ ሱቅ ውስጥ የተደረደረውን ቆዳ የሚያቀላ ክሬም ሳይም የፋኖን ጭምብል ትዝ ይለኛል። ሁሉን ነገር በፈረንጅ ማላከክ ግን አይቻልም። «ቀይ»ን ከ«ጥቁር» ማስበለጥ እዚህም የራሱ ታሪክ አለው፤ ከዚያው ከባርነቱ ጋር የተያያዘ።

ማኪያቶ ባህላችንን በርዞታል?

ጅማ ውስጥ አንድ ካፌ ገብታችሁ «ማኪያቶ፣ ጠቆር አርጊልኝ» ብላችሁ ታዛላችሁ። የአረቢካ ቡና የትውልድ ቦታው ይሄው የደቡብ ምዕራብ ጫካ ነው። ማሽኑና ስሙ ከኢጣሊያ መጡ። የመጣላችሁ ግን በትንሽ ብርጭቆ፣ ወተቱና ቡናው በቀለም ተነባብሮ፣ ስኳሩ ከጎን ተቀምጦ ነው። ይሄ የእነሱ ነው ወይስ የእኛ?

ሙምባይ የተወለደው ምሁር ሆሚ ባባ ጥያቄው ራሱ ችግር አለበት ባይ ነው። ጥያቄው ባህል ድሮ ንጹህ ነበር፣ በኋላ ተበረዘ ብሎ ይነሳል። ባባ እንደሚለው ባህል ከመጀመሪያውም የሚሠራው ሰው ከሰው ሲገናኝ ነው። ይሄን ቅይጥነት ይለዋል። ሂርማታ ጣሊያን ከመምጣቱ በፊትም የሩቅ አገር ነጋዴ የሚውልባት ገበያ ነበረች። «ንጹሁን የጅማ ባህል» ፍለጋ ወደኋላ የሄደ ሰው የሚደርሰው ሌላ ገበያ ላይ ነው።

ሌላው ሐሳቡ ኩረጃ ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ማኮሌይ በ1835 ስለ ህንድ ትምህርት ሲጽፍ፣ በደማቸው ህንዳዊ፣ በአስተሳሰባቸውና በምርጫቸው ግን እንግሊዝ የሆኑ ሰዎች እናውጣ ብሎ ነበር። ባባ እዚህ ውስጥ ስንጥቅ ያያል። ገዢው ተገዢው እንዲመስለው ይፈልጋል። ጨርሶ ከመሰለው ግን ለመግዛት ምክንያት ያጣል። ስለዚህ «ሊመስለኝ ምንም አልቀረው፣ ግን እኔን አይደለም» የሚባል ሰው ያስፈልገዋል። ይሄው ሰው ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ «ሕጋችሁ ስለ ነፃነት ያስተምረኛል፤ ታዲያ የእኔ የት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ገዢው መልስ የለውም።

በእንግሊዝኛ መማርስ?

ንጉጊ ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ጊኩዩ ሲናገር የተያዘ ተማሪ ይገረፍ ነበር። «እኔ ደደብ ነኝ» የሚል ነገር አንገቱ ላይ ይንጠለጠልበት ነበር። ቋንቋው ከውርደት ጋር ተጣበቀ። ንጉጊ አድጎ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ጻፈ፤ ታወቀ። በ1977 በጊኩዩ ቲያትር ሲያሠራ ግን መንግሥት ያለ ፍርድ አሰረው። የራሱ የኬንያ መንግሥት ነው እንግዲህ። እስር ቤት ሆኖ በሽንት ቤት ወረቀት ላይ በጊኩዩ ልብ ወለድ ጻፈ። ሰውን በጉልበት ከመግዛት ይልቅ ራሱን የሚያይበትን ቋንቋ መግዛት ይብሳል ባይ ነው። ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ በዚህ አልተስማማም። እንግሊዝኛውን አፍሪካዊ አድርገን እንጠቀምበት አለ። ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም።

እኛ ጋ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ተማሪ ቅጠል ምግቡን እንዴት እንደሚያዘጋጅ ለጓደኛው በኦሮምኛ ወይ በአማርኛ ጥርት አድርጎ ያስረዳዋል። ፈተና ላይ ግን ሁለት መስመር መጻፍ ያቅተዋል። ማርኩ የለካው ባዮሎጂውን ነው ወይስ እንግሊዝኛውን? ይሄን ሥርዓት ቅኝ ገዢ አልጫነብንም፤ ራሳችን መረጥነው። ፈላስፋው መሳይ ከበደ የንጉሡ ዘመን ዘመናዊ ትምህርት ምዕራብ ተኮር ሆኖ ተማሪውን ከገዛ ትውፊቱ ነጠለው ብሎ ተከራክሯል። «ቅኝ አልተገዛንም» የሚለው መልስ ለዚህ አይሆንም።

ነገሩ ከዚህም ቀረብ ያለ ጎን አለው። በንጉሡ ዘመን ኦሮምኛ የትምህርት ቤት ቋንቋ አልነበረም። በ1969 ዋለልኝ መኮንን የተባለ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ በጻፈው አጭር ጽሑፍ ፋኖንን በስም ጠቅሶ ጭምብሉን ተዋሰው። ኢትዮጵያዊ ለመባል የአማራ ጭምብል ማጥለቅ የግድ ሆኗል አለ። ማርቲኒክ ላይ የተወለደ ሐሳብ በዚህ መንገድ የእኛ ፖለቲካ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ አልበረደም። አንዱ ወገን የ19ኛው ክፍለ ዘመን የደቡብ ዘመቻ ራሱ ቅኝ ግዛት ነበር ይላል። ሌላው አገር ግንባታ ነበር፣ ባሕር ተሻግሮ በቆዳ ቀለም ከፋፍሎ ከገዛው ጋር አይነጻጸርም ይላል። ንድፈ ሐሳቡ አንዱን አይመርጥላችሁም። ለሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቀርባል፦ ስለ ማን ማን እየተናገረ ነው?

ጃማይካ የተወለደው የባህል ተመራማሪ ስቱዋርት ሆል እዚህ ላይ ይጠቅማል። ማንነት ከአያት ተቀብለን እንደተቀበልነው የምናቆየው ዕቃ አይደለም ይላል። ታሪክ አለው፤ ግን ሁልጊዜ እየሆነ ያለ ነገር ነው። ኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ የሚጨርስ የጅማ ልጅ ይሄን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ይሄን ሁሉ የሚቃወም የለም?

ሞልቷል። አንደኛው ቅሬታ አጻጻፉ ነው፤ ልክም ናቸው። ባባ በ1998 አንድ የፍልስፍናና የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ባዘጋጀው የመጥፎ አጻጻፍ ውድድር 2ኛ ወጥቷል። ስለ ተጨቆነ ሰው የሚጽፍ ምሁር የተጨቆነው ቀርቶ የተማረው እንኳ የማይገባው ነገር ሲጽፍ ያስተዛዝባል።

ሁለተኛው ይከብዳል። ህንድ የተወለደውን ሃያሲ አይጃዝ አህመድን የመሰሉ ሰዎች «ስለ ገለጻና ስለ ምስል ስታወሩ ሆድን ረሳችሁት» ይላሉ። አጋሮ አካባቢ ቡናውን ለቅሞ የሚሸጥ ገበሬ ዋጋው ከፍ ዝቅ የሚለው ኒውዮርክ ያለው ገበያ ከፍ ዝቅ ሲል ነው። ለእሱ ፈረንጅ ስለ እሱ ምን ጻፈ የሚለው ሁለተኛ ነገር ነው። ይሄ ትችት ሰኢድን አያፈርሰውም፤ ግን ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል። የጋናው መሪ ክዋሜ ንክሩማ በ1965 አዲሱ ቅኝ ግዛት ብሎ የጻፈውም ስለዚህ፣ ስለ ኢኮኖሚው ገመድ ነው።

ማንበብ የፈለገ ከየት ይጀምር?

ከፋኖን የ1952 መጽሐፍ። ይከብዳል፣ ግን ይዞ ይሄዳል። ቀጥሎ የንጉጊን የ1986 ድርሰቶች (Decolonising the Mind)፤ አጭርና ግልጽ ናቸው። ሰኢድ ረጅም ስለሆነ መግቢያው ለጊዜው ይበቃል። ስፒቫክን ከማንበባችሁ በፊት የህንዱን ታሪክ ትንሽ እዩ። ባባን ግን ብቻችሁን አትጀምሩት። ሦስት አራት ሆናችሁ ካልተከራከራችሁበት አንድ ገጽም አይገፋ።